የኋላ ወንበር ሽሚያ

አዲሱ ፓስተራችን ቴቪታ፣ ስብከት ሰምቶ ወደ ቤት መሄድ አይበቃም የሚል ሰው ነው። በየእሁዱ አንድ ቃል ይሰጠናል፤ ሳምንቱን ሙሉ እንድንኖርበት ያዝዘናል፤ በሚቀጥለው እሁድ ደግሞ አንድ በአንድ እያስነሣ እንዴት እንደሆንን ይጠይቀናል። ከእሱ በፊት የነበሩት ሽማግሌ ሰብከው፣ ምሳቸውን በልተው፣ ይተኙ ነበር። ማንም በማንም ኑሮ አይገባም ነበር።

አሠራሩ ሲጀመር ችግር አላጣውም። «አንዱን ጉንጭህን ለሚመታህ ሌላውን አዙርለት» በተባልንበት ሳምንት የመንደራችን የራግቢ ቡድን ከጎረቤት መንደር ጋር ተጫወተ፤ ውጤቱን አሁንም ድረስ ጮክ ብሎ የሚናገር የለም። «ቀኝ እጅህ የሚያደርገውን ግራህ አትወቅ» በተባለበት ሳምንት ደግሞ የተጨነቁት ዲያቆናቱ ናቸው። እኛ ዘንድ መባ የሰጠ ሰው ስሙና የሰጠው መጠን በድምፅ ማጉያ ይነበባል። ካልተነበበ ማን ይሰጣል? ነገሩ በሽማግሌዎች ስብሰባ ታየና ያ ቃል ለሌላ ጊዜ ይቆይ ተባለ።

ያለፈው እሁድ ቃል ግን ማንንም የሚያስደነግጥ አልነበረም። ግብዣ ስትጠራ የክብሩን ቦታ አትያዝ፤ ሄደህ ከመጨረሻው ተቀመጥ፤ የጠራህ ሰው መጥቶ «ወዳጄ ሆይ፣ ወደ ላይ ውጣ» ይበልህ። ፓስተር ቴቪታ ይህን ካነበበ በኋላ «ግብዣ እስክትጠሩ አትጠብቁ። በየሄዳችሁበት፣ በየተቀመጣችሁበት አድርጉት» አለን።

አጠገቤ የተቀመጠችው አክስቴ ፉአቲኖ ክንዴን ጨበጥ አድርጋ፣ «ይኼ ለሎሳ ነው የተሰበከው» አለችኝ።

ሎሳ ከወዲያኛው መደዳ ሆና ለልጇ ጆሮ አንድ ነገር ታንሾካሹክ ነበር። እሷም ያንኑ እያለች እንደነበር እጄን እቆርጣለሁ።

አክስቴና ሎሳ ጎረቤታሞች ናቸው። ሁለቱም ባሎቻቸውን ቀብረዋል፤ ሁለቱም ማታ ማታ አንድ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፤ የሁለቱንም ዓይን ሞራ ሸፍኖታል። አንዷ ሰባቱን ዘጠኝ ነው ትላለች፤ ሌላዋ ንግሥቷን ንጉሥ ነው ብላ ትምላለች፤ ከዚያ መሰዳደብ ነው። ዘንድሮ ከባሕር ማዶ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሁለቱንም መርምረው ሰኞ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ፣ በዋና ከተማችን በአፒያ ሆስፒታል እንዲገኙ ቀጠሯቸው። ሰኞ የሐኪሞቹ የመጨረሻ የቀዶ ጥገና ቀን ነው። ያረፈደ ቦታው በር ላይ ተሰልፎ ለሚጠብቅ ይሰጥበታል፤ እሱ እስከ ከርሞ ይጠብቃል። ከርሞ ደግሞ ለአክስቴ ሩቅ ነው። አሁን በቀን ብርሃን የእኔን ፊት ከእናቴ ፊት የምትለየው በድምፅ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሰኞ ማለዳ ይዣት ወጣሁ። ቤት ውስጥ እንግሊዝኛ የምችል፣ ሥራ የሌለኝ፣ ከዌሊንግተን ተምሬ የተመለስኩ እኔ ስለሆንኩ የሆስፒታል ጉዳይ ሁሉ የኔ ነው።

አውቶቡሳችን አንድ ነው፤ የእንጨት አካል፣ የእንጨት አግዳሚ ያለው። ባለቤቱ ኦክላንድ ይኖራል፤ የሚነዳው ወንድሙ ላፋኤሌ ነው። አቀማመጡን ለማንም መንገር አያስፈልግም። ከሾፌሩ ጎን ፓስተሩ፣ ከዚያ ባለማዕረግ ሽማግሌዎቹ፣ ከዚያ ትልልቅ ሴቶች፣ ከኋላ ወጣቱ። ሲሞላ ዘግይቶ የገባ ሰው የኋለኞቹ ጉልበት ላይ ይቀመጣል። ማንም የማንንም ጉልበት አያስፈቅድም።

ያን ዕለት ግን መጀመሪያ የገቡት ጋሼ ቱይሎማ፣ የመንደሩ አፈ ጉባኤ፣ የራሳቸውን ወንበር አልፈው፣ የሴቶቹንም አልፈው፣ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ከጎረምሶቹ መሃል ገብተው ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ተያዩ። ከዚያ ሎሳ ገባች፤ ወንበሮቹን በእጇ እየዳበሰች ወደ ኋላ አለፈች።

«የት ተቀመጠች?» አለችኝ አክስቴ።

«ከኋላ።»

«ከመጨረሻው ላይ?»

«ከመጨረሻው አንድ ሲቀረው።»

«እንግዲያው እኔን መጨረሻው ላይ አስቀምጪኝ።»

አስቀመጥኳት። ሎሳ የአክስቴን ድምፅ ከበስተኋላዋ ስትሰማ ተነሣች። ከመጨረሻው ወንበር ኋላ ሌላ ወንበር ስለሌለ፣ መለዋወጫው ጎማ የተጋደመበት ሄዳ ጎማው ላይ ተቀመጠች።

«ምን ላይ ነው ያለችው?»

«ጎማ ላይ።»

«ጎማ ከወለል ከፍ ይላል፣ አይደል?»

«ይላል።»

«ወለሉ ላይ አውርጂኝ።»

ከዚህ በኋላ የገባው ሁሉ ያየውን አደረገ። መንደሩ በሙሉ ከአውቶቡሱ ወገብ በታች ታጭቆ፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ፣ ከፊት በኩል ባዶ አግዳሚዎች ተደርድረው ሳለ ፓስተር ቴቪታ ገባ። ገና ወጣት ነው፤ ለመንገድ ሲወጣ ካናቴራ ይለብሳል። ከሾፌሩ ጎን ያለውን ወንበሩን አየ። ከዚያ ቀና ሲል ሁላችንም እያየነው ነው። ገባው። ፈገግ ብሎ ቦርሳውን አቅፎ ወደ ኋላ መጣ፤ ጎረምሶቹ ተነሥተውለት መጨረሻው አግዳሚ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከፓስተር እኩል መቀመጥ ነውር ነው ብለው አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ደግሞ ወለል ላይ ወረዱ። ጋሼ ቱይሎማ ሲወርዱ ጉልበታቸው ተንቋቋ።

ሜዳው ላይ ደህና ሄድን፤ የኋላው መከላከያ አስፋልቱን አልፎ አልፎ ከመፋቁ በቀር። ተራራው ሥር ስንደርስ ግን ጎማ የመቃጠል ሽታ መጣ፤ ላፋኤሌም ሙዚቃውን ዘግቶ ቆመ። ከመቀመጫው ተነሥቶ ባዶዎቹን ወንበሮች አለፍ ብሎ መጣና ወገቡን ይዞ አየን።

«መሪው በእጄ ላይ ቀለለ» አለ። «ዳገቱ ላይ ፊቱን ወደ ሰማይ ሊያነሣ ነው። ግማሻችሁ ወደ ፊት ካልመጣችሁ አይወጣም።»

ሁሉም እግሩን ማየት ጀመረ።

«ፓስተር ይቅደሙና እኛ እንከተላለን» አሉ ጋሼ ቱይሎማ ከወለሉ።

«የለም፣ ጋሼ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለ ፓስተሩ። ጉልበቱ አገጩን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «እኔ እዚህ ተመችቶኛል።»

«እኔም ተመችቶኛል።»

«እኔማ ከቤቴ የበለጠ ነው የተመቸኝ» አለች አክስቴ።

«ወለሉ ሲለምዱት ይለሰልሳል» አለች ሎሳ። ከጎማው መቼ እንደወረደች አላየሁም።

ላፋኤሌ ሲጋራ አወጣና በሩ ላይ ቆሞ ማጨስ ጀመረ። ፀሐይዋ የኮኮናቱን ጫፍ ለቅቃ ወጣች። ስልኬን አየሁና ጎንበስ ብዬ ለአክስቴ በጆሮዋ፣ «ሊረፍድብን ነው። ሐኪሞቹ ሁለት ሰዓት ሲሞላ ስምሽን ይሰርዛሉ» አልኳት።

«ሎሳ ተነሣች?»

«አልተነሣችም።»

«እንግዲያው ዝም በይ።»

«ዓይንሽስ?»

«ዓይኔ ከነፍሴ አይበልጥም» አለች፣ ፓስተሩ እንዲሰማ አድርጋ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ «ግን መቼ ነው የሚንቀሳቀሰው?» አለችኝ።

እኔ ለትምህርት ከሄድኩ ወዲህ በእምነት ነገር አፌን ሞልቼ የምናገረው የለኝም። የሚሰበከውን ግማሹን እጠራጠራለሁ፤ ግማሹን የምሰማው ከንፈሬን ነክሼ ነው። ይሁንና ልጅ ሳለን ነጭ ለብሰን፣ ጉባኤ ፊት ቆመን በቃላችን ያልነው ጥቅስ ከጭንቅላት አይወጣም።

«ቃሉ እኮ እዚያ ላይ አያበቃም» አልኩ ጮክ ብዬ። «ጋባዡ መጥቶ ወደ ላይ ውጣ ሲለው፣ ይወጣል። ጋባዡ ይጥራችሁና ውጡ።»

ጋሼ ቱይሎማ ፊታቸው በራ። ንግግር አዋቂ ሰው ናቸው፤ ከጠዋቱ ጀምሮ ያጡት የሚበየን ነገር ነበር። «መልካም። ጋባዡ ማነው?»

«ባለቤቱ ነዋ» አለ አንዱ። «ኦክላንድ ነው ያለው።»

«እንደውልለት።»

«እዚህ ጋ መስመር የለም።»

«ባለቤቱ በሌለበት» አሉ ጋሼ ቱይሎማ፣ ወለል ላይ እንደተቀመጡ ድምፃቸውን እንደ ሸንጎ አውርደው፣ «ቤቱን የያዘው እንደ ባለቤት ይቆጠራል። የዚህ ቤት በር በማን እጅ ነው የሚከፈተው? መሪውን የያዘውስ ማነው? እንግዲህ ጋባዣችን ላፋኤሌ ነው።»

ላፋኤሌ ሲጋራውን ጣለ። ይህ ሰው አንድ እሁድ፣ መንደሩ በጸሎት ላይ ሳለ፣ አውቶቡሱን ሲያጥብ ተይዞ ከመዘምራኑ ወጥቷል፤ እስኪታረም ተብሎም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መጨረሻው አግዳሚ ላይ ብቻውን ይቀመጣል። የቀጣው ፓስተር ቴቪታ ነው።

«ማለት፣ እኔ የጠራሁት ነው የሚነሣው?» አለ።

«አንተ የጠራኸው።»

«በፈለግሁት ተራ?»

ጋሼ ቱይሎማ ወደ ፓስተሩ አዩ። ፓስተሩ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቃሉ… ስለ ተራ የሚለው የለም።»

ላፋኤሌ የሸሚዙን ቁልፎች እስከ አንገቱ ቆለፈ። መተላለፊያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና እያንዳንዳችንን ቀስ ብሎ ቃኘን።

«ወዳጄ ሆይ፣ ፑአ፣ ወደ ላይ ውጪ።»

ፑአ ዓሣ ሻጭ ናት። ሽታው እንዲወጣ ተብሎ ሁልጊዜ የምትቀመጠው የኋላው መስኮት ሥር ነው። «ከነዓሣዬ?» አለች።

«ከነዓሣሽ።» ወስዶ ከራሱ ጎን፣ በፓስተሩ ወንበር ላይ አስቀመጣት። ቅርጫቷን እግሯ ሥር አደረገላት። ከዚያ ጎረምሶቹን ጠራ። ከዚያ ሁልጊዜ የምታስነጥሰውን የመምህሩን ሚስት ጠራ። ከዚያ፣ «ወዳጄ ሆይ፣ እትዬ ሎሳ፣ ወደ ላይ ይውጡ» አለ።

አክስቴ ጉልበቴን ጨመደደችው። «እሷን ነው የጠራት?»

«እሷን ነው።»

«ለምን?»

«እኔ ምን አውቄ?»

ሎሳ በአጠገባችን ስታልፍ ቆም ብላ፣ «እኔ አልጠየቅሁም። ተጠርቼ ነው» አለች።

ቀጥሎ አክስቴ ተጠራች። እምቢ ልትል እንደተዘጋጀች ከአፏ አከፋፈት ገብቶኛል፤ እምቢታዋን እስክታሳምር ግን በብብቷ ይዤ አንሥቻት ነበር። ጋሼ ቱይሎማ ተጠሩ፤ ሌሎቹም። ፓስተር ቴቪታ አንድ ሰው በተጠራ ቁጥር ከወንበሩ ትንሽ ብድግ ይልና መልሶ ይቀመጣል። ላፋኤሌ የአውቶቡሱን ሚዛን በዓይኑ ለካ፤ «በቃ፣ አሁን ይወጣል» አለና ሄዶ ሞተሩን አስነሣ።

የሚነዝረው መጨረሻው አግዳሚ ላይ ፓስተሩ ብቻውን ቀረ።

ተራራው ላይ ካሉት መንደሮች ሰው እየተሳፈረ ሄደ። እነሱ የእኛን እሁድ አልሰሙም፤ ፊቱ ሞልቶ ሲያገኙት ወደ ኋላ አለፉ። ከሁሉ በኋላ አንዲት በጣም ወፍራም ሴትዮ ታሮ የሚባል ሥራ ሥር የሞላ ጆንያ ተሸክማ ገባች። መጨረሻው አግዳሚ ላይ ካናቴራ የለበሰ ወጣት አየች። ማንነቱን አላወቀችም፤ ምን ያሳውቃታል? ዞረችና ጉልበቱ ላይ ተቀመጠች፤ ጆንያውን ደግሞ የራሷ ጉልበት ላይ አደረገች። ብዙም ሳንሄድ አንቀላፋች።

አውቶቡሱ ውስጥ ድምፅ አልነበረም። ሰው ሁሉ በመስኮት ውጭውን ያያል፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጣል።

«ላፋኤሌ» አለ ፓስተሩ ከሴትዮዋ ጀርባ።

«አቤት፣ ፓስተር።»

«ያ መጨረሻው ወንበር… የቤተ ክርስቲያኑን ማለቴ ነው…»

«አዎ፣ አውቀዋለሁ።»

«ትንሽ የረዘመብህ ይመስለኛል።»

«ለትሕትና ደህና ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

ኩርባ መጣ፤ ሴትዮዋም ጆንያውም አብረው ወደ ፓስተሩ ተጋደሙ። ኩርባው ካለፈ በኋላ፣ «እሁድ ከመዘምራኑ ጋር ተቀመጥ» አለ።

ላፋኤሌ በመስታወቱ አየው። የሚያሾፍ አልመሰለኝም። «ወዳጄ ሆይ፣ ፓስተር፣ ወደ ላይ ይውጡ» አለ።

ሴትዮዋ ግን እንቅልፍ ላይ ናት። ፓስተሩ ሳል ሞከረ። ሳል ሞክሮ ሲያበቃ ሴትዮዋ እጇን ወደ ኋላ ልካ፣ ልጅ እንደምታባብል ጉልበቱን መታ መታ አደረገችው። እስከ አፒያ እንደዚያው ሄደ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ ሁለት ሰዓት አልፎ ነበር። በአንድ እጄ አክስቴን፣ በሌላው ሎሳን ይዤ እየጎተትኩ ገባሁ። በሩ ላይ የቆመችው ነርስ ስማቸውን ስትሰማ ከንፈሯን መጠጠች።

«እትዬ ሎሳ፣ የእርስዎ ቦታ አሁን ለሌላ ሰው ተሰጠ። ከሳቫይኢ ደሴት መጥቶ በር ላይ ያደረ ሽማግሌ ነው፤ ገብቷል። እትዬ ፉአቲኖ ግን ቦታዎ አለ። ለሌላው ሰው አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚሠራው፤ የእርስዎ ሁለቱም ስለሆነ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ አድርጎዎታል። ለጉባኤው መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡት እርስዎ ነዎት አይደል?»

አክስቴን አየኋት። ጉባኤ ፊት አንብባ አታውቅም።

«ለሐኪሙ ምን ብለሽው ነው?» አልኳት።

«ዝም በይ አልኩሽ።»

ሎሳ ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። በካርታ ስትሸነፍ እንኳ ሦስት ቤት ድረስ ነው የሚሰማው። አልጮኸችም። «እሺ» ብቻ አለችና ግድግዳውን በመዳፏ ፈለገች፤ አገኘችው፤ የመጣንበት በመሰላት በኩል መሄድ ጀመረች። መውጫው በሌላ በኩል ነበር።

አክስቴ የእግሯን ኮቴ ትሰማለች። ከዚያ ወደ ነርሷ ዞራ፣ «ለእኔ የተጻፈው ሁለት ነው አይደል? አንዱን ለሷ አድርጊው» አለች።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ ታሮ አይደለም የሚከፈል።»

«ገብተሽ ጠይቂው።»

ነርሷ እየሳቀችም እየተቆጣችም ገባች። ሎሳ ቆማለች። «አልፈልግም» አለች ከግድግዳው ሥር። «ለራስሽ ያዢው። እኔ ከኋላ…»

«ተይ ሎሳ። አሁን አውቶቡስ ላይ አይደለንም።»

«ለምን ብለሽ ነው የምትሰጪኝ?»

«የማታይ ሰው እያሸነፍኩ ምን ደስ ይለኛል? ካርታሽን እያየሽ ነው መሸነፍ ያለብሽ።»

ሎሳ ግድግዳውን ለቅቃ ወደ አክስቴ ድምፅ መጣች። ነርሷ ተመለሰች፤ ሐኪሙ እሺ ብሏል፤ ጊዜውም መሣሪያውም ያው ነው ብሏል። ሁለቱን እጅ ለእጅ አያይዛ አስገባቻቸው። ማን ይቅደም የሚል ነገር አልተነሣም፤ በሩ ሰፊ ስለነበረ እኩል ገቡ።

ከሰዓት በኋላ ፓስተር ቴቪታ እያነከሰ መጣ። ሁለቱ አልጋ ለአልጋ ተኝተዋል፤ አንዷ ግራ፣ አንዷ ቀኝ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል። ነርሷ የሆነውን ነገረችው። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ የማስመሰል አልነበረም።

«እኔ የምለውም ይኼንኑ ነው» አለ። «እሁድ ቆመው ይመሰክራሉ፣ እትዬ ፉአቲኖ።»

«ምን ብዬ?»

«ለባልንጀራዎ ያደረጉትን።»

«ለካርታ ብዬ ነው ያደረግሁት፣ ፓስተር።»

«እኔም ለካርታ ብዬ ነው የተቀበልኳት» አለች ሎሳ።

ፓስተሩ ሳቅ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የተማርሽው አንቺ ነሽ፣ የሆነ ነገር በይ እንጂ የሚል አስተያየት ነበር። አክስቴ ምን እንዳደረገች እኔም ገና አልገባኝም፤ አሁንም ቢሆን በምን ስም እንደምጠራው አላውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ፋሻው ተፈታ። አክስቴ መጀመሪያ እጇን አየች፤ ቀጥላ መስኮቱን፤ ቀጥላ እኔን። «ከሳሽ» አለችኝ። ሎሳ ደግሞ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ በነርሷ ደረት ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል ታነባለች። ሁሉንም ታነባለች፤ የመድኃኒቱን ብልቃጥ፣ የበሩን ቁጥር፣ አትክልት ቦታው ውስጥ የቆመውን «ሣሩን አትርገጡ»።

ካርታው በአክስቴ ቦርሳ ውስጥ ነበር። አልጋው ላይ አደለችው። ሎሳ ካርታዋን አንድ በአንድ እያነሣች፣ ወደ አዲሱ ዓይኗ እያቀረበች፣ አንዴም ሳትሳሳት ጣለች። አንድም ሰባት ዘጠኝ አልሆነም። ሲያበቃ ቆጠሩ። አክስቴ ደግማ ቆጠረች።

«አየሽ?» አለች ሎሳ።

«አየሁ» አለች አክስቴ። ካርታውን ሰብስባ ትንሽ አሰበችና ወደ እኔ ዞረች። «ያንን ሐኪም ሄደሽ ጥሪልኝ።»

«ምን ሆንሽ? አመመሽ?»

«እኔ ምንም አልሆንኩም። የሷን አብዝቶ አሳምሮታል።»